አጭር የሺአን ጉብኝት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለንግድ፣ ለትምህርት ወይም ለስብሰባ ወደ ቻይና ሄደው ሁለትና ሦስት ትርፍ ቀናት ለሚያገኙ፣ እነዚህንም ቀናት በጥንታዊቷ የሺአን ከተማ ለማሳለፍ ለሚያስቡ አንባቢዎች ነው። የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመግቢያ ዋጋና የቪዛ ደንብ ስለሚለዋወጥ ከመነሣትዎ በፊት እንደገና ያረጋግጡ።

ከቻይና ከተሞች ሁሉ ሺአንን ለምን እመርጣለሁ?

በሰሜን ምዕራብ ቻይና የምትገኘው የሻአንሺ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሺአን፣ ቤጂንግ የመንግሥት መቀመጫ ከመሆኗ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነገሥታት ከተማ ነበረች። ቻይናን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ዓመት አንድ ያደረገው የቺን መንግሥት መናገሻውን ያቆመው አሁን ከተማዋ ካለችበት ስፍራ አጠገብ ነው። ከእርሱ በኋላ የሃን፣ የሱዪና የታንግ ነገሥታት በዚሁ አካባቢ ተቀምጠው ገዝተዋል። የሐር መንገድ የሚባለው የንግድ መስመር ወደ ምዕራብ ሲጓዝ መነሻው ይህች ከተማ ስትሆን፣ በታንግ ዘመን ቻንግአን በሚለው ስሟ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርባት ነበር። ስፋቷም 84 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ወደ ሺአን የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ። ያቺ ታላቅ የታንግ ከተማ ዛሬ ከምድር በላይ የለችም ማለት ይቻላል። በ904 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ወደ ሉዎያንግ እንዲዛወር ሲደረግ ሕንፃዎቿ ፈርሰው እንጨታቸው በወንዝ ተጫነ። ዛሬ የምናያቸው የሦስት ዘመናት ሥራዎች ናቸው፤ ከመሬት በታች ከሸክላ የተሠራው የቺን ሠራዊት፣ በጡብ ስለተሠሩ የተረፉ ፓጎዳ የሚባሉ ሁለት ባለ ብዙ ደርብ የታንግ ዘመን የቡድሃ ማማዎች፣ እንዲሁም ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሚንግ ነገሥታት የገነቡት ቅጥርና በውስጡ ያሉት ማማዎች። ይህን ሳያውቅ የገባ ጎብኚ ግንቡን የታንግ ሥራ አድርጎ ይመለሳል፤ ይህን ያወቀ ግን የሚያየውን እያንዳንዱን ነገር በየዘመኑ ያስቀምጠዋል።

ስንት ቀን ይበቃኛል?

ሁለት ሙሉ ቀናት ከሁሉ የሚያንሰው ልክ ነው፤ ሦስት ቀን ካለዎት ሳይጣደፉ ያያሉ። በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ተነሥተው ወደ ሸክላው ሠራዊት ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ፀሐይ ስትበርድ በከተማዋ ግንብ ላይ ይሂዱ። ሁለተኛውን ቀን ጠዋት የሐውልቶች ደን ለሚባለው ሙዚየም፣ ከሰዓት በኋላውን ለታላቁ መስጊድና በዙሪያው ላለው የሙስሊሞች ሰፈር ይስጡ። ሦስተኛው ቀን ለፓጎዳዎቹና ለታሪክ ሙዚየሙ ይሆናል።

ያለዎት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ሠራዊቱንና ግንቡን አይተው ሌላውን ይተዉት። በአንድ ቀን ሰባት ቦታ እናሳያለን የሚሉ የጉብኝት ጥቅሎች ጎብኚውን አብዛኛውን ሰዓት በአውቶቡስ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ሺአን ደግሞ ቆም ብሎ ለሚያይ ሰው እንጂ ለሚሮጥ ብዙ የምትሰጠው የላትም።

ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ የቻይና ከተማ እንዴት እደርሳለሁ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1973 ጀምሮ ወደ ቻይና የሚበር ሲሆን ከመዳረሻዎቹ መካከል ቤጂንግ፣ ሻንጋይ፣ ጓንዡና ቼንግዱ ይገኛሉ። ለሺአን ቅርቧ ቼንግዱ ናት። ከቼንግዱ ምሥራቅ ጣቢያ የሚነሣው ፈጣን ባቡር በ2017 በተከፈተው መስመር የቺንሊንግን ተራሮች በዋሻ እያቋረጠ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ሺአን ሰሜን ጣቢያ ይደርሳል። ከቤጂንግ ምዕራብ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ለንግድ ጓንዡ የሚገኝ ሰው ግን በባቡር ሙሉ ቀን ከሚያጠፋ የአገር ውስጥ አውሮፕላን ቢይዝ ይሻለዋል፤ ዪዉ ያለ ሰውም ወደ ሃንግዡ ወጥቶ ከዚያ ቢበር ይቀለዋል።

የባቡር ቲኬት በፓስፖርት ቁጥር ስለሚመዘገብ ፓስፖርትዎ ራሱ ቲኬትዎ ነው። ሽያጩ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ይከፈታል፤ በበዓላት ሰሞን ግን ወዲያው ያልቃል። በቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ በሐበሻ ሰዓት የለመደ ሰው በጥንቃቄ ያንብበው፤ የቻይና ሰዓትም ከኢትዮጵያ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። የሺአን ሺያንያንግ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሃል ከተማ በሰሜን ምዕራብ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ 14ኛው የሜትሮ መስመርም ከሰሜን የባቡር ጣቢያ ጋር ያገናኘዋል።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከመሄዱ በፊት ቪዛ ማግኘት አለበት። አስቀድሞ የንግድ ወይም የትምህርት ቪዛ ይዞ ቻይና የገባ ሰው ሺአንን ለመጎብኘት ሌላ ፈቃድ አያስፈልገውም። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ዜግነት ያላቸው ወገኖቻችን ደግሞ ወደ ሦስተኛ አገር የሚያልፉ ከሆነ ያለ ቪዛ 240 ሰዓት ለመቆየት የሚያስችለው ደንብ ሊመለከታቸው ይችላል፤ የሺአን አውሮፕላን ማረፊያም በዚህ ደንብ ከሚሠሩት በሮች አንዱ ነው። ደንቡ የሚመለከተው ፓስፖርቱን እንጂ የመኖሪያ ፈቃድን አለመሆኑን ልብ ይበሉ።

የሸክላውን ሠራዊት ለማየት ስሄድ ምን ማወቅ አለብኝ?

ሠራዊቱ የሚገኘው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሊንቶንግ ወረዳ ነው። በመጋቢት 1974 በድርቅ ምክንያት የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች ስብርባሪ የሸክላ ምስሎች አገኙ፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቁፋሮውን ሲቀጥሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ210 ዓመት የሞተውን የመጀመሪያውን ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግን በመቃብሩ እንዲጠብቅ የተሠራ ሙሉ ሠራዊት ወጣ። ሙዚየሙ በ1979 ተከፈተ፤ ስፍራውም በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። የምስሎቹ ብዛት 8 ሺህ ያህል እንደሚደርስ ይገመታል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ገና ከመሬት አልወጡም።

ለሕዝብ የሚታዩት ጉድጓዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው 230 ሜትር ርዝመትና 62 ሜትር ስፋት ያለው ግዙፍ አዳራሽ ሲሆን በፎቶግራፍ የምናውቀው የእግረኛ ሠልፍ የቆመበት ነው። ሁለተኛው ፈረሰኞችና ቀስተኞች አሉበት፤ ሦስተኛው ትንሽ ቢሆንም የአዛዦቹ መምሪያ እንደነበረ ይታመናል። ብዙ ሰው አንደኛውን አስቀድሞ አይቶ ሌሎቹን በችኮላ ያልፋቸዋል። እኔ የምመክረው በሦስተኛው ጀምሮ፣ በሁለተኛው አልፎ፣ በአንደኛው መጨረስን ነው፤ የዚህ አካሄድ ጥቅሙ የሠራዊቱ አደረጃጀት ቀድሞ ከገባዎት በኋላ የብዛቱ ግርማ ስለሚመጣ ነው።

በአንደኛው ጉድጓድ ከፊት ለፊት ከሚጨናነቀው ሕዝብ ጋር ብዙ አይቁሙ፤ በጎኑ ባለው መተላለፊያ ወደ ኋላ ይሂዱ። በዚያ ባለሙያዎች የሚጠግኗቸው ምስሎች ይታያሉ፤ ራሱ ያልተገጠመለት፣ ክንዱ በገመድ የታሰረ፣ ቁጥር የተለጠፈበት ወታደር ከቆመው ይልቅ ስለ ሥራው ብዙ ያስተምራል። ምስሎቹ በተገኙበት ጊዜ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ተሰባብረው ነበር፤ በላያቸው የነበረው የእንጨት ጣሪያ ተቃጥሎ ተደርምሶባቸዋልና። ዛሬ ግራጫ ሆነው የምናያቸውም ያኔ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሐምራዊና በሌሎች ቀለማት የተቀቡ ነበሩ። ከቀለሙ በታች ያለው የዛፍ ሙጫ ቅብ ከምድር ወጥቶ አየር ሲያገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ደርቆ ስለሚኮማተር ቀለሙ አብሮት ይረግፋል፤ ቁፋሮው በዝግታ የሚካሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ1980 የተገኙት ሁለቱ የነሐስ ሠረገሎች የእውነተኛውን ሠረገላ ግማሽ ያህል መጠን ያላቸው ሲሆኑ፣ የሚታዩት ከጉድጓዶቹ ራቅ ብሎ ወደ መቃብሩ ጉብታ በተሠራ የራሳቸው ሙዚየም ነው። ቲኬቱ ሁለቱንም ቦታ ስለሚያካትት አይለፏቸው፤ የልጓሙ ሰንሰለትና የጥላው ዘንግ አሠራር እጅግ ያስደንቃል።

ለመሄድ 9ኛውን የሜትሮ መስመር እስከ ኋቺንግ ፍል ውኃ ይዞ ከዚያ በአውቶቡስ መቀጠል ይቻላል። የመግቢያው ዋጋ 120 ዩዋን ሲሆን አስቀድሞ በፓስፖርት ቁጥር ይያዛል። በመንገድ ላይ ቀርበው «ወደ ሠራዊቱ እንወስዳችኋለን» የሚሉ ሰዎችን አይከተሉ፤ በአካባቢው የእውነተኛውን ስፍራ የሚመስሉ ሌሎች መታያዎች ስላሉ ገንዘቡንም ግማሽ ቀኑንም ያጣ ጎብኚ ብዙ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ መቃብር ራሱ ለምን አልተከፈተም?

መቃብሩ ከሠራዊቱ በስተምዕራብ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ በዛፍ በተሸፈነው ጉብታ ሥር ነው። ንጉሡ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ የጻፈው የታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን በመቃብሩ ውስጥ ወንዞችና ባሕር በባዚቃ ተመስለው እንደሚፈሱ መዝግቧል። የዘመናችን ተመራማሪዎችም በጉብታው አፈር ውስጥ ከተለመደው ከፍ ያለ የባዚቃ መጠን አግኝተዋል። የቻይና መንግሥት ግን በውስጡ ያለውን ሳያበላሹ ማውጣት የሚቻልበት ዘዴ እስኪገኝ አይከፈትም የሚል አቋም ይዟል። በሠራዊቱ ቀለም ላይ የደረሰውን ጥፋት ላየ ሰው ይህ ውሳኔ ትክክለኛ ነው።

በከተማዋ ግንብ ላይ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ለአጭር ጉብኝትም ከዚህ የሚሻል ምሽት የለም። የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች የሆነው ንጉሠ ነገሥት ሆንግዉ በነገሠበት ጊዜ ከ1370 ጀምሮ የተሠራው ይህ ቅጥር ዙሪያው 13.7 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 12 ሜትር ነው፤ አናቱም መኪና ሊያስተላልፍ የሚችል ከ12 እስከ 14 ሜትር ስፋት አለው። በቻይና ሳይፈርስ ከተረፉት የከተማ ቅጥሮች እጅግ በመልካም ሁኔታ ከተጠበቁት አንዱ ነው። መሠረቱ የታንግ ዘመን የቤተ መንግሥት ክፍል ቅጥር በነበረበት ስፍራ ላይ ስለሆነ፣ ዙሪያውን የሄደ ሰው የጥንቷን ከተማ ጥቂት ክፍል ብቻ እንደዞረ ሲያስብ የቻንግአን ስፋት በግልጽ ይታየዋል።

መግቢያው 54 ዩዋን ነው። በደቡቡ በር፣ ማለትም በዮንግኒንግ በር፣ ይውጡ፤ ከዚያ ብስክሌት ተከራይተው ዙሪያውን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዎታል። ብስክሌት የማይነዱ ከሆነ ከደቡቡ በር ወደ ምሥራቅ እስከ ሐውልቶቹ ደን አናት ድረስ በእግር መሄድ ይበቃል። በበጋ ቀትር ላይ ጥላ ስለሌለ ሙቀቱ አያስኬድም። በቅጥሩ ውስጥ በ1384 የተሠራው የደወል ማማና በ1380 የተሠራው የከበሮ ማማ ምሽት መብራታቸው ሲበራ ከውጭ ሆኖ ማየት በቂ ነው።

ስለ ቻይና ጥንታዊ ክርስትና የሚናገረው ድንጋይ የት ይገኛል?

በደቡቡ በር አጠገብ ባለው፣ ቤይሊን በሚባለው የሐውልቶች ደን ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከሠራዊቱ ቀጥሎ በሺአን ሊታይ የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙዚየሙ የተመሠረተው በ1087 ሲሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ተሰብስበውበታል። በ837 የተጠናቀቁት የኮንፊሽየስ ትምህርት መጻሕፍት በ114 ድንጋዮች ላይ ከዳር እስከ ዳር ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ዓላማቸው የመንግሥት ፈተና የሚፈተኑ ተማሪዎች ስሕተት የሌለበትን ንባብ እንዲያገኙ ነበር።

በ781 የቆመው ሐውልት ከአናቱ ላይ በሎተስ አበባ ላይ የተቀመጠ መስቀል አለበት። በእርሱ ላይ የተጻፈው ታሪክ አሎፔን የተባለ መነኩሴ በ635 ቅዱሳት መጻሕፍት ይዞ ቻንግአን እንደገባ፣ ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ በክብር እንደተቀበለውና በ638 ሃይማኖቱ እንዲሰበክ እንደፈቀደ ይተርካል። ዋናው ጽሑፍ በቻይንኛ ሲሆን በግርጌውና በጎኖቹ የካህናትና የመነኮሳት ስሞች በሱርስት ተቀርጸዋል። አሎፔንን የላከችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ከተወገዘው ከንስጥሮስ ስም ጋር የምትያያዝ እንጂ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ አይደለችም፤ ይሁን እንጂ ወንጌል በሰባተኛው መቶ ዓመት ከፋርስ ተነሥቶ በበረሃና በተራራ አቋርጦ እዚህ መድረሱን የሚመሰክር ድንጋይ ፊት መቆም ለአማኝም ለታሪክ ወዳድም ትልቅ ነገር ነው። በ845 በቡድሃ መነኮሳት ላይ የወጣው የእገዳ አዋጅ ይህችንም ቤተ ክርስቲያን ስላገኛት ማኅበረሰቧ ተበተነ፤ ድንጋዩም ተቀብሮ ቆይቶ በ1620ዎቹ በቁፋሮ ተገኘ።

አስጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ ይህን ሙዚየም ከመርሐ ግብራቸው ያስወጡታል፤ ስለዚህ እንዲካተት አስቀድመው ይጠይቁ።

ወደ ታላቁ መስጊድ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ይገባል?

ወደ ግቢዎቹ ይገባል፤ ወደ ዋናው የስግደት አዳራሽ ግን ሙስሊሞች ብቻ ናቸው የሚገቡት። መስጊዱ በ742 እንደተመሠረተ በትውፊት ይነገራል፤ አሁን የሚታዩት ሕንፃዎች በአብዛኛው በሚንግ ዘመን ከ1392 ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ጉልላትም ረጅም ሚናሬትም የለውም፤ ሁሉ ነገሩ በቻይና የሕንፃ ጥበብ የተሠራ ሲሆን ግቢዎቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ወደ መካ አቅጣጫ ይከታተላሉ። የሰፈሩ ነዋሪዎች ሁዪ የሚባሉ የቻይና ሙስሊሞች ናቸው። ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ በጁምዓ ቀትር ከመሄድም ይቆጠቡ።

ከሁለቱ ፓጎዳዎች የትኛውን ልምረጥ?

ታላቁ የዱር ዝይ ፓጎዳ በ652 የተሠራው ሹዋንዛንግ የተባለው መነኩሴ ከሕንድ ይዞ በ645 የተመለሰውን 657 የቡድሃ ሃይማኖት ጽሑፍ ለማስቀመጥ ነው፤ ከፍታው 64 ሜትር ነው። በዙሪያው ያለው አደባባይ አዲስ ስለሆነና ሕዝብ ስለሚበዛበት ጸጥታ የለውም። ትንሹ ፓጎዳ በ707 መሠራት ጀምሮ አሥራ አምስት ደርብ ነበረው፤ በ1556 አካባቢውን ባወደመው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተናጋ በኋላ አሥራ ሦስት ቀርቶታል። የሺአን ሙዚየምም በዚያው ግቢ ነው። ሁለቱም በ2014 የሐር መንገድ ቅርሶች አካል ሆነው በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ትንሹን ይምረጥ።

የሻአንሺ ታሪክ ሙዚየም ቲኬት ማግኘት ለምን ያስቸግራል?

መግቢያው በነጻ ስለሆነና በቀን የሚገባው ሰው ስለተወሰነ ነው። ቦታ በቀን ተቆጥሮ ስለሚለቀቅ ማረፊያ ሆቴልዎ በቻይንኛ እንዲይዝልዎ ይጠይቁ። ሰኞ ዝግ ነው።

የአሳማ ሥጋ ለማይበላና ለጾመኛ የሚሆን ምግብ አለ?

ከብዙዎቹ የቻይና ከተሞች ይልቅ ሺአን ለእኛ ትመቻለች፤ ምክንያቱም የሁዪ ሙስሊሞች ምግብ የከተማዋ ዋና ምግብ ነው። የበጉ ሥጋ ሾርባ፣ ያንግሮ ፓኦሞ፣ እንደ ፍትፍት ነው፤ ደረቅ ቂጣ ይሰጥዎታል፣ እርስዎ በጣትዎ እንደ ሽምብራ አሳንሰው ይቆራርሱታል፣ ከዚያ ወጥ ቤቱ መረቁንና ሥጋውን ጨምሮ ያበስለዋል። በቂጣ መካከል ሥጋ የሚገባበት ሮጂያሞ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በሙስሊሞች ሰፈር በበሬ ወይም በበግ ሥጋ ሲሠራ ከሰፈሩ ውጭ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። የሃላል ቤቶች «ቺንግዠን» በሚል ምልክት ይታወቃሉ።

ለጾመኛ ልያንግፒ የሚባለው ቀዝቃዛ ምግብ አለ፤ ከስንዴ ወይም ከሩዝ ዱቄት የተሠራ ስስ ቁራጭ በኮምጣጤና በዘይት በተለወሰ በርበሬ ይቀርባል። «ሱ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ቤቶችም ሥጋ የሌለበት ምግብ ይሸጣሉ፤ እንቁላልና ወተት አለመግባቱን ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ወጥ ቤቶች ለአትክልት ጭምር የእንስሳ ስብ ስለሚጠቀሙ፣ የማይበሉትን ዘርዝሮ በቻይንኛ የተጻፈ ወረቀት መያዝ ከሁሉ ይሻላል።

ገንዘብና ስልክስ?

ክፍያ በአብዛኛው በስልክ ነው። አሊፔይና ዊቻት የተባሉት መተግበሪያዎች ቪዛና ማስተርካርድ ስለሚቀበሉ ከመነሣትዎ በፊት ጭነው ካርድዎን ያስመዝግቡ፤ ለጥንቃቄ ጥቂት ጥሬ ዩዋን ይያዙ። ጉግል፣ ቴሌግራም፣ ዋትሳፕ፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ በቻይና ኔትወርክ አይሠሩም፤ የውጭ ሲም ካርድ በሮሚንግ ሲጠቀሙ ግን ብዙ ጊዜ ይከፈታሉ። ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።

በየትኛው ወር ልሂድ?

ሚያዝያና ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አየሩ ደስ ይላል። ሐምሌ እጅግ ይሞቃል፤ ጥርም ከዜሮ በታች ይወርዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥቅምት 1 እስከ 7 ያለውን የብሔራዊ በዓል ሳምንት፣ በግንቦት መባቻ ያለውን የሠራተኞች በዓልና የቻይናን አዲስ ዓመት ሰሞን ግን ያስወግዱ፤ በእነዚያ ቀናት በሠራዊቱ አዳራሽ ውስጥ የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

የኋሻንን ተራራ በዚሁ ጉዞ ልጨምር?

ሦስት ቀን ብቻ ካለዎት አይጨምሩ። ተራራው ከሺአን በስተምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደረስ ቢሆንም መውጣትና መውረዱ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከፍተኛው ጫፍ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብሎ 2,154 ሜትር ላይ ስለሚገኝ ከፍታው ለእኛ አያስቸግርም፤ የሚያደክመው ቀጥ ብሎ የሚወጣው የድንጋይ ደረጃ ነው። አራተኛ ቀን ያገኘ ሰው ወገብና ጉልበቱ ጤነኛ ከሆነ በገመድ መኪና ወጥቶ በእግሩ ጫፎቹን ይዞር፤ የገመድ መኪናው በንፋስና በበረዶ ቀን ሊቆም ስለሚችል ዋዜማውን ያጣራ።